ጠጅ ይጣላል፣ ጠላ ይጠመቃል፦ «ኢግዘርት» የሚባለውን የእንግሊዝኛ ግስ ከነጓደኞቹ ለመያዝ

ጎንደር ላይ ጠጅ ይጣላል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ አረቄ ይወጣል፣ ቡና ይፈላል። ጠጁ ለምን «እንደሚጣል» የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም። አማርኛ የሚማር እንግዳ «ትናንት ጠላ ጣልኩ» ቢለን ግን «ምነው፣ ኮመጠጠብህ?» ማለታችን አይቀርም። ሰዋስዉ ልክ ነው፤ ያልተስማሙት ጎን ለጎን የተቀመጡት ቃላት ናቸው።

እኛም እንግሊዝኛ ስንናገር የምንሠራው ስሕተት ይኸው ነው። «ሜክ ኢንፍሉወንስ» እንላለን፣ «ጊቭ ፕሬሸር» እንላለን፣ «ዱ ኤፈርት» እንላለን። ሰሚው ይገባዋል፤ ጠላው ግን ተደፍቷል።

ችግሩ የሚመጣው ከራሳችን ቋንቋ ነው። በአማርኛ ተጽዕኖ እናሳድራለን፣ ጫና እንፈጥራለን፣ ጥረት እናደርጋለን፣ ኃይል እንጠቀማለን። ለአራት ስም አራት ግስ። እንግሊዝኛ አራቱንም በአንድ ግስ ሊሰበስባቸው ይችላል፤ እሱም ኢግዘርት ነው። ስለዚህ የአማርኛውን ግስ ቃል በቃል የሚያሻግር ሰው መንገድ ላይ ይቀራል። «ማሳደር»ን ማን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል? እንግዳ ነው የሚያድረው።

ፒያሳ አካባቢ ማታ ማታ አስጎብኚ ለመሆን የሚዘጋጁ ልጆችንና ጥቂት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ከዚህ በታች ያለው በክፍል ውስጥ የምከተለው ቅደም ተከተል ነው። የእንግሊዝኛዎቹን ቃላት በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ፤ ወደ ደብተራችሁ ስትገለብጧቸው መዝገበ ቃላት ከፍታችሁ የላቲን አጻጻፋቸውን አረጋግጡ።

ደረጃ 1፦ ድምፁን አስተካክሉ

«ኤክሰርት» ስትሉ ከቆያችሁ ዛሬ ተዉት። መሐል ላይ ያለችው ኤክስ የምትባለው ፊደል እዚህ «ግዝ» ነው የምትለው። ባብዛኛው፣ ከእሷ ቀጥሎ ያለው አናባቢ ከፍ ብሎ የሚነሣ ከሆነ «ግዝ» ትሆናለች፦ ኢግዛም፣ ኢግዛክት፣ ኢግዚስት፣ ኢግዘርት። «ኤክሰርሳይዝ» ላይ ግን ድምፁ የሚነሣው መጀመሪያው ላይ ስለሆነ «ክስ» ትላለች። ይህችን ልዩነት ከአሁኑ ያዟት፤ ኢግዘርትና ኤክሰርሳይዝ ኋላ ላይ ይጋጩብናል።

ደረጃ 2፦ ትርጉሙን በዘነዘና ያዙት

መዝገበ ቃላት ስታዩ «መጠቀም፣ ተግባር ላይ ማዋል» የሚል ታገኛላችሁ። ይህ ብዙም አይረዳችሁም፤ ስልክም እንጠቀማለን፣ ታክሲም እንጠቀማለን። የቃሉ የላቲን ሥር «ወደ ውጭ ማውጣት፣ መዘርጋት» ማለት ነው። እንግሊዝኛ የወሰደው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ማለትም ዐፄ ፋሲል ጎንደርን በቆረቆሩበት ዘመን ገደማ ነው። ቃሉና ከተማችን እኩያሞች ናቸው ማለት ነው።

አሁን ቡና የምትወቅጥ ሴት አስቡ። ጉልበቱ ከክንዷ ይወጣል፣ በዘነዘናው ይወርዳል፣ ሙቀጫው ውስጥ ያለው ቡና ላይ ያርፋል። ኢግዘርት ይህ ነው። ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ጉልበቱ የሚወጣበት ምንጭ፣ ጉልበቱ ራሱ፣ ጉልበቱ የሚያርፍበት ቦታ። ዓረፍተ ነገሩም በዚያው ተራ ይሰደራል፦

«ዘ ዘነዘና ኢግዘርትስ ኤ ፎርስ ኦን ዘ ኮፊ።»

ምንጩ ዘነዘናው፣ ጉልበቱ ፎርስ፣ ማረፊያው «ኦን ዘ ኮፊ»። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ያሳተመው ሦስተኛው የእንቅስቃሴ ሕግ ደግሞ ቡናውም መልሶ ዘነዘናውን በእኩል ኃይል ይገፋዋል ይላል፤ ብዙ የወቀጠ ሰው እጁ ላይ ያውቀዋል። ብዙዎቻችን ይህን ግስ መጀመሪያ ያየነው ፊዚክስ ክፍል ነው፤ ግን የፎርስ ቀመር ስንሸመድድ ግሱን ዘለልነው። ተመልሳችሁ የድሮ የፊዚክስ ደብተራችሁን ግለጡ። «ዘ ፎርስ ኢግዘርትድ ባይ ... ኦን ...» የሚል ሐረግ ሞልቶበት ታገኛላችሁ። «ባይ» ምንጩን፣ «ኦን» ማረፊያውን ይነግራችኋል።

ከዚህ በኋላ ተጽዕኖም ሆነ ጫና ሲመጣ ዘነዘናውን አስታውሱ፤ የማይታይ ዘነዘና ነው።

ደረጃ 3፦ ብቻውን አትተዉት

ይህን ደረጃ ያስተማረኝ አንድ አዛውንት ቱሪስት ናቸው። ገና ልጅ ሳለሁ ከአስጎብኚ ጋር ተለጥፌ ሰሜን ተራሮች ወጥቼ ነበር። ከ3,000 ሜትር በላይ ነን፤ አየሩ ቀጭን ነው። ሰውየው ቁና ቁና ይተነፍሳሉ። አሳዘኑኝና ያለኝን እንግሊዝኛ ሁሉ ሰብስቤ «ፕሊዝ፣ ዶንት ኢግዘርት!» አልኳቸው። ቆሙ። ምርኩዛቸው ላይ ተደግፈው ትክ ብለው አዩኝና «ኢግዘርት ዋት?» አሉ። ያልሰሙኝ መስሎኝ ጮክ ብዬ ደገምኩት። ጭላዳዎቹ እንኳ ሣራቸውን ትተው ቀና አሉ። በመጨረሻ ባለቤታቸው እየሳቁ «ሂምሰልፍ!» ብለው ዓረፍተ ነገሬን ጨረሱልኝ።

ኢግዘርት ተሳቢ ይፈልጋል። «ምን?» የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ዓረፍተ ነገሩ አይዘጋም። ሰውነትን ማድከም፣ መልፋት ለማለት ከፈለጋችሁ ተሳቢው ራሱ ሰውየው ይሆናል፦ ኢግዘርት ማይሰልፍ፣ ኢግዘርት ዩርሰልፍ፣ ሺ ኢግዘርትድ ሀርሰልፍ። «ዶንት ኢግዘርት ዩርሰልፍ» ማለት የእኛው «አትድከም፣ ራስህን አታድክም» ነው።

ስሙ «ኢግዘርሽን» ነው። ይህ ስም በዕለት ንግግር ከሁሉ በላይ የሚነገረው ስለ ሰውነት ድካም ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረ ስለሆነ ከተማችን የሕክምና ተማሪ አያጣም፤ እነሱ ከዚህ ቃል ጋር የሚተዋወቁት ታካሚ አልጋ አጠገብ ነው። «ዲስፕኒያ ኦን ኢግዘርሽን» ብለው ይመዘግባሉ፤ ሰውየው ሲሠራ፣ ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል ማለት ነው። የደም ግፊትንም ሲፈቱት ደም በደም ሥር ግድግዳ ላይ «ኢግዘርት» የሚያደርገው ኃይል ይሉታል። ዘነዘናው እንደገና መጣ።

ደረጃ 4፦ ጓደኞቹን ከነመስተዋድዳቸው አጥኑ

ዋናው ደረጃ ይህ ነው። አንድ ሳምንት ስጡት፤ በቀን አንድ ቃል ይበቃል። ምሳሌዎቹን ከከተማችን ታሪክ ወስጃለሁ (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አስጎብኚ ተማሪዎቼ የፋሲል ግቢ በር ላይ በማግሥቱ ስለሚጠቀሙባቸው ነው።

*ኢንፍሉወንስ (ተጽዕኖ)።* የቅርብ ጓደኛው ይህ ነው። እቴጌ ምንትዋብን አስቡ። ዐፄ በካፋ በ1730 ሲሞቱ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ሕፃን ነበር፤ እቴጌይቱ ዘውድ ጭነው አብረው ገዙ፣ በልጅ ልጃቸው በኢዮአስ ዘመንም ቃላቸው ይሰማ ነበር። እንዲህ በሉ፦

«ምንትዋብ ኢግዘርትድ ግሬት ኢንፍሉወንስ ኦቨር ዘ ኮርት።»

እንዲህም ይባላል፦ «ዘ ካስልስ ኦፍ ጎንደር ኢግዘርትድ ኤን ኢንፍሉወንስ ኦን ሌተር ቢልዲንግስ።» አንደኛው «ኦቨር»፣ ሁለተኛው «ኦን»። ኢንፍሉወንስ ሁለቱንም ይቀበላል። «ኦቨር» የበላይነት ሽታ አለው፤ ተጽዕኖ የሚያርፍበት ሰው ወይም ቤተ መንግሥት፣ ፈቃዱ ሊጠመዘዝ የሚችል ነገር ሲሆን ይስማማል። ሕንፃ ፈቃድ የለውም፤ «ኦን» ይበቃዋል። ስትጠራጠሩ «ኦን» በሉ፤ አያሳፍርም።

*ፕሬሸር (ጫና፣ ግፊት)።* መስተዋድዱ «ኦን» ነው፤ «ቱ» አይደለም፣ «ኦቨር»ም አይደለም። እኛ «ለእሱ ጫና ሰጠ» ከሚለው አስተሳሰብ ተነሥተን «ቱ ሂም» እንላለን፤ እሱን ጣሉት። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ አወጁ፤ አገሩ ዐመፀ፣ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1632 የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። በዚህ ግስ ሲባል፦

«ዘ ሪቤሊየንስ ኢግዘርትድ ፕሬሸር ኦን ሱስንዮስ ቱ ሪስቶር ዘ ኦልድ ፌይዝ።»

መጨረሻ ላይ ያለውን «ቱ» አስተውሉ። ጫና «እንዲህ እንዲያደርግ» የሚል ጅራት ያስከትላል፤ እሱን የሚሸከመው «ቱ» እና ግስ ነው። ለሰውየው «ኦን»፣ ለሥራው «ቱ»።

ስለ ገበያ የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ «ዳውንዋርድ ፕሬሸር ኦን ፕራይስስ» የሚል የተለመደ ጥምረት አለ። ጥር ላይ ቅዳሜ ገበያ የአዲስ ጤፍ ጆንያ ሲደረደር ዋጋውን ወደ ታች የሚገፋው ነገር ይህ ነው። ወደ ላይ ሲገፋ «አፕዋርድ» ይሆናል፤ እሱን ለማስተማር ምሳሌ ፍለጋ ርቄ ሄጄ አላውቅም።

*ኮንትሮል (ቁጥጥር)።* «ኦቨር» ብቻ። ኢዮአስ በ1769 ከተገደሉ በኋላ የትግራዩ ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑል የመረጧቸውን ነገሥታት ተራ በተራ ዙፋን ላይ አስቀመጡ፦ «ራስ ሚካኤል ኢግዘርትድ ኮንትሮል ኦቨር ዘ ስሮን።»

*ኦቶሪቲ (ሥልጣን)* እና *ፓወር (ኃይል፣ አቅም)።* እነዚህም «ኦቨር» ይወዳሉ። ሥልጣንን «መያዝ»ና ሥልጣንን «ኢግዘርት ማድረግ» የተለያዩ መሆናቸውን ለማሳየት ዘመነ መሳፍንትን የሚያህል ምሳሌ አላገኘሁም። ከ1769 እስከ 1855 ጎንደር ላይ ንጉሥ ነበር፤ ዘውድ ነበር፤ ግን ትእዛዙ የሚያርፍበት ቦታ አልነበረም። «ዘ ኢምፐረርስ ኢግዘርትድ ሊትል ኦቶሪቲ ኦቨር ዘ ፕሮቪንስስ።» ዘነዘናው በእጅ ነው፤ ሙቀጫው ግን ሌላ ቤት።

*ኤፈርት (ጥረት)።* «ኢግዘርት ኤፈርት» ትክክል ነው፤ «ኢግዘርት ኤቭሪ ኤፈርት» ደግሞ በደብዳቤ ላይ ያምራል። እኔ ግን በንግግር አልመክረውም። ሰዎቹ ራሳቸው «ሜክ ኤን ኤፈርት» ነው የሚሉት።

*ኢፌክት፣ ኢምፓክት (ውጤት፣ ተጽዕኖ)።* ለጥናት ጽሑፍ። «ኦን»። እንለፈው።

*ፑል (ስበት)።* ይህን የሚያስታውስ ተማሪ ጥቂት ነው፤ ቆንጆ ነው ግን። ጨረቃ በባሕር ላይ ስበት አላት፦ «ዘ ሙን ኢግዘርትስ ኤ ፑል ኦን ዘ ሲ።» በምሳሌያዊ አነጋገርም ይሠራል፤ ጥር 11 ቀን የፋሲል መዋኛ ዙሪያውን በሰው ሲከበብ የቆመ አስጎብኚ «ጥምቀት ኢግዘርትስ ኤ ስትሮንግ ፑል ኦን ቪዚተርስ» ቢል እንግዳው ዘወር ብሎ ያየዋል።

ደረጃ 5፦ ቅጽሉንና «ኤ»ን አስገቡ

ቅጽሉ የሚገባው በግሱና በስሙ መካከል ነው። ከኢንፍሉወንስ ጋር ግሬት፣ ስትሮንግ፣ ፓወርፉል፣ ኮንሲደረብል ይሄዳሉ፤ «ቢግ» ግን እዚህ ቦታ የመንደር ወሬ ይመስላል። ከኮንትሮል ጋር «ታይት» ይሄዳል፤ እኛ «ጥብቅ ቁጥጥር» እንደምንለው። «አንዲዩ ኢንፍሉወንስ» የሚባለው ደግሞ የሕግ ሰዎች ቃል ነው፤ ለምሳሌ አንድ ዘመድ አሮጊቷን ተጠግቶ ኑዛዜ ሲያስለውጣቸው ያለ አግባብ ያሳደረው ተጽዕኖ።

ከዚያ «ኤ» የምትባለው ትንሽዬ ቃል አለች። አማርኛ ይህን ስለማያስገድደን ሁልጊዜ እንረሳታለን፤ ወይም በሌለችበት እንጨምራታለን። ፕሬሸር፣ ኮንትሮል፣ ኦቶሪቲ ከኢግዘርት ጋር ሲሆኑ እሷን አይፈልጉም (ፊዚክስ ውስጥ ግፊትን በቁጥር ስትለኩ የምትገባው ሌላ ነው)። ኢንፍሉወንስ ብቻውን ሲሆን ከእሷ ጋርም ያለ እሷም ይሄዳል፤ ቅጽል ሲቀድመው ግን ብዙ ጊዜ ትመጣለች፦ «ኢግዘርት ኤ ስትሮንግ ኢንፍሉወንስ»። ፎርስና ፑል ይፈልጓታል።

ደረጃ 6፦ መንታ የሚመስሉትን ለዩ

መጀመሪያ ኤክሰርሳይዝ። ሥልጣንን፣ ቁጥጥርን፣ ተጽዕኖን ሁለቱም ግሶች ይጋሯቸዋል። መብት ግን የኤክሰርሳይዝ ብቻ ነው፦ «ኤክሰርሳይዝ ዩር ራይት»። ጥንቃቄና ራስን መግታትም እንዲሁ፦ «ኤክሰርሳይዝ ኮሽን»፣ «ኤክሰርሳይዝ ሪስትሬይንት»። ለምን? እኔ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው እንዲህ ነው፤ መብትህን ስትጠቀም ሌላው ሰው ላይ የሚያርፍ ዘነዘና የለም። ራስህን ስትገታማ ጭራሽ ዘነዘናውን መልሰህ አስቀመጥከው። የሚያርፍ ነገር ከሌለ ኢግዘርት አይመጣም። ይህ የቋንቋ ሊቃውንት ሕግ አይደለም፤ የክፍል ውስጥ ዘዴ ነው፤ ለኔ ግን ሠርቶልኛል። ጫና ላይ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ «ኤክሰርሳይዝ ፕሬሸር» ጆሮ ይቆረቁራል።

ሁለተኛው አሰርት ነው። «ኢግዘርት ዩርሰልፍ» ድከም፣ ልፋ ነው፤ «አሰርት ዩርሰልፍ» ደግሞ ራስህን አታስደፍር፣ የልብህን ተናገር። አንድ ተማሪዬ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲዘጋጅ «ቲቸር፣ በሰው ፊት አይናፋር አይደለሁም ለማለት አይ ካን ኢግዘርት ማይሰልፍ ልበል?» አለኝ። «አንተዬ» አልኩት፣ «ድንጋይ እሸከማለሁ ልትል ነው?» ሳቀ፤ ከዚያ ወዲህ አልተሳሳተም።

ዊልድ የሚባልም አለ፤ ፓወርንና ኢንፍሉወንስን ያዘወትራል፤ ሰይፍ እንደ መያዝ ነው። ፕሬሸር ከእሱ ጋር አይሄድም።

ደረጃ 7፦ መቼ እንደማትጠቀሙበት እወቁ

ኢግዘርት ካባ የለበሰ ቃል ነው። ለጥናት ጽሑፍ፣ ለዜና፣ አይኤልትስ ለሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ድርሰት ይስማማል። ሻይ ቤት ቁጭ ብላችሁ «አለቃዬ ጫና አበዛብኝ» ለማለት «ኢግዘርትስ ፕሬሸር ኦን ሚ» ካላችሁ ግን ለምሳ ጋቢና ጥምጥም ለብሶ እንደመጣ ሰው ናችሁ። በንግግር ጫናን «ፑት ፕሬሸር ኦን»፣ ተጽዕኖን «ሃቭ ኤን ኢንፍሉወንስ ኦን» በሉት። በአንድ ገጽ ድርሰት ውስጥም አንድ ጊዜ፣ ግፋ ቢል ሁለት ጊዜ ይበቃል። አምስት ጊዜ የሞላ ድርሰት ሳርም ልጁ ቃሉን ያወቀው ትናንት ማታ መሆኑ ይታወቀኛል።

ደረጃ 8፦ ደብተሩ

አንድ ገጽ በሦስት ዐምድ ክፈሉ። ግራው ላይ የአማርኛውን ጥምረት ሙሉውን ጻፉ፤ «ተጽዕኖ» ብቻ ሳይሆን «ተጽዕኖ አሳደረ»። መሐሉ ላይ የእንግሊዝኛውን ሙሉ ጥምረት ከነመስተዋድዱ፦ «ኢግዘርት ኢንፍሉወንስ ኦን / ኦቨር»። ቀኙ ላይ የራሳችሁ ዓረፍተ ነገር፣ ስለምታውቁት ሰው ወይም ቦታ። ከመጽሐፍ የተገለበጠ አይቆጠርም። ስለ አንድ ጥምረት ስትጠራጠሩ ሐረጉን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጋችሁ ጉግል ላይ ፈልጉት፤ የሚመጡት ገጾች የማን ጽሑፍ እንደሆኑ ማየት ግን አትርሱ።

ከዚያ መካከለኛውን ዐምድ በእጃችሁ ሸፍናችሁ እነዚህን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ። ሁሉም ኢግዘርት አይደሉም፤ ሆን ብዬ ነው።

1. ውኃው በአንገረብ ግድብ ላይ ግፊት ያሳድራል።
2. ድምፅ የመስጠት መብቴን ተጠቀምኩ።
3. ሽማግሌዎቹ ሁለቱ ቤተሰቦች እንዲታረቁ ጫና ፈጠሩ።
4. ልጅቷ በስብሰባው ላይ ራሷን አላስደፈረችም።
5. አባቴ፣ እርስዎ አይድከሙ።

የመጀመሪያው «ኢግዘርትስ ፕሬሸር ኦን» ነው። ሁለተኛው ኤክሰርሳይዝድ፤ መብት ነውና። ሦስተኛው «ኢግዘርትድ ፕሬሸር ኦን ዘ ቱ ፋሚሊስ ቱ ሪኮንሳይል»፤ ወሬ ከሆነ «ፑት» ያደርሳችኋል። አራተኛው «አሰርትድ ሀርሰልፍ»። አምስተኛው ላይ ተማሪዎቼ ሁልጊዜ «እርስዎ»ን የት እናስቀምጠው ብለው ይጨነቃሉ። እንግሊዝኛ ለአክብሮት የተለየ ተውላጠ ስም የለውም፤ ከፊት «ፕሊዝ» ጨምሩ፣ ድምፃችሁን አለስልሱ፦ «ፕሊዝ፣ ዶንት ኢግዘርት ዩርሰልፍ።» መጨረሻ ላይ ያለውን ቃል ከዋጣችሁት ሽማግሌው ዳገቱ መሐል ቆመው «ዋት?» ይሏችኋል።